ስላይዶችን በተከታታይ ስካን ሲያደርጉ ሥራው መሃል ላይ ቢቆም፦ ምክንያቱን የማግኛና የማስተካከያ መመሪያ

የፊልም ስላይድ፣ ማለትም በትንሽ ፍሬም የተያዘ የፎቶ ፊልም፣ አንድ በአንድ እያስገቡ ስካን ማድረግ ከባድ ባይሆንም አሰልቺ ነው። ስለዚህም ብዙ መቶ ስላይድ ያለው ሰው ሥራውን በራሱ የሚያከናውን መጋቢ መፈለጉ አይቀርም። ይሁን እንጂ መጋቢው ላይ 50 ስላይድ ደርድሮ፣ ሶፍትዌሩን አስጀምሮ ወደ ሌላ ጉዳዩ የሄደ ሰው ከሰዓታት በኋላ ሲመለስ 12ኛው ስላይድ ላይ የቆመ ማሽን ሊጠብቀው ይችላል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ሥራው እስከ መጨረሻው የሄደ መስሎ ግማሾቹ ፋይሎች የጠቆሩ፣ የተቆረጡ ወይም ቁጥራቸው የተዛባ ሆነው ሲገኙ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ስላይዶች ሲሆን፣ ኤስኤፍ-210 የተባለውን መጋቢ ከኒኮን ሱፐር ኩልስካን 5000 ኢዲ ጋር ለሚጠቀም ሰውም ሆነ በሌላ ስካነር ለሚሠራ፣ እንዲሁም ቪውስካንን፣ ሲልቨርፋስትን ወይም የአምራቹን ሶፍትዌር ለሚጠቀም ሁሉ ያገለግላል።

ከብዙ ሥራ በኋላ የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር። ሶፍትዌሩ ስህተት መኖሩን በስክሪን ላይ ስለሚነግረን ጥፋተኛው እርሱ ይመስለናል፤ ነገር ግን በተከታታይ ስካን ላይ ከሚደርሱት መቋረጦች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ስላይዶቹ ገና ከመደርደራቸው ነው። ስለዚህ ፍተሻው ከስላይዱ ተነሥቶ ወደ መጋቢው፣ ከመጋቢው ወደ ሶፍትዌሩ፣ በመጨረሻም ወደ ኬብሉና ወደ ኮምፒውተሩ መሄድ አለበት።

1. ሥራው የት ላይ እንደቆመ ይለዩ

ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ይመልከቱ፦ በፎልደሩ ውስጥ የመጨረሻው ፋይል ስንተኛ እንደሆነና ስላይዱ በአሁኑ ሰዓት በአካል የት እንዳለ። እያንዳንዱ ስላይድ አምስት ነገር ያልፋል፤ ወደ ስካነሩ ይገፋል፣ ፎከስ ይደረግበታል፣ ብርሃኑ ይለካል፣ ይነበባል፣ ከዚያም ፋይሉ ተጽፎ ስላይዱ ይወጣል። ስላይዱ ግማሽ አካሉ ገብቶ ግማሹ ውጭ ከቀረ ችግሩ የመጋቢ ነው፤ ሶፍትዌሩን መፈተሽ ጊዜ ማባከን ይሆናል። ስላይዱ በትክክል ገብቶ ምንም ፋይል ካልተጻፈ ደግሞ የፎከስ፣ የግንኙነት ወይም የማስቀመጫ ቦታ ጉዳይ ነው። ፋይሉ በሙሉ ተጽፎ ስላይዱ ሳይወጣ ከቀረ፣ ሶፍትዌሩ የማስወጣት ትእዛዝ አልተሰጠውም ማለት ነው።

ድምፁም ብዙ ይናገራል። ጤነኛ መጋቢ ስላይድ ሲገፋ አንድ ወጥ የሆነ የሞተር ድምፅ አሰምቶ ዝም ይላል፤ ስላይዱ ከተቀረቀረበት ግን ሞተሩ እየደጋገመ ይታገላል፣ ድምፁም የተቆራረጠና ወፈር ያለ ይሆናል። ይህን ድምፅ ከሰሙ ሶፍትዌሩ እስኪናገር አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ያቁሙት።

2. የተቀረቀረውን ስላይድ በጥንቃቄ ያውጡ

ስላይድ እንደ ወረቀት ህትመት ሁለተኛ ቅጂ የለውም፤ በካሜራው ውስጥ ብርሃን ያገኘው ያው ፊልም ራሱ ነው፤ ተቧጥጦ ከተበላሸ የሚተካው የለም። ስለዚህ በጉልበት አይጎትቱ። በመጀመሪያ ሥራውን ከሶፍትዌሩ ይሰርዙ፣ ቀጥሎ የማስወጫውን ትእዛዝ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩ። ካልወጣ ስካነሩን አጥፍተው መጋቢው ላይ የቀሩትን ስላይዶች በሙሉ ያንሱ፤ ከኋላ የሚገፋቸው ጫና ሲነሣ የተቀረቀረው ብዙውን ጊዜ በራሱ ይላላል። ከዚያ የፍሬሙን ጠርዝ ብቻ ይዘው በመጣበት አቅጣጫ ቀስ ብለው ያውጡት። ጉጠትም ሆነ ማንኛውም ብረት ነክ ነገር ወደ ውስጥ አይስደዱ፤ መስታወቱና ሌንሱ ቅርብ ናቸው።

3. ስላይዶቹን ከመደርደርዎ በፊት ለይተው ይመድቡ

ከሥራው ሁሉ ሰፊው ክፍል ይህ ነው፤ ሰዓት ሊሰጡት የሚገባውም እርሱ ነው። የ35 ሚሊ ሜትር ስላይድ ፍሬም ከውጭ 50 በ50 ሚሊ ሜትር፣ በውስጡ ያለው ምስል ደግሞ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። ከውጭ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ውፍረታቸው ግን እጅግ ይለያያል። የካርቶን ፍሬም ቀጭን ነው፣ የፕላስቲክ ፍሬም እንደ አሠራሩ ቀጭንም ወፍራምም ይሆናል፣ ባለ መስታወት ፍሬም ደግሞ ከሁሉም ይወፍራል።

የተቆለሉ ስላይዶችን አንድ በአንድ የሚገፋ መጋቢ የሚሠራው በክፍተት ስፋት ነው። ገፊው ሰሌዳ የፊተኛውን ስላይድ ወደ ጎን ሲገፋ፣ መግቢያው ላይ ያለው ክፍተት ለአንድ ስላይድ ብቻ የሚበቃ መሆን አለበት። ወፍራም ፍሬም ሲመጣ አያልፍም፤ ሁለት ቀጫጭን ካርቶኖች ሲከታተሉ ደግሞ አንደኛው ሌላውን ይዞ ለመግባት ይሞክርና ሁለቱም መሃል ላይ ይቀረቀራሉ። ይህን አንዴ ከተረዱ መፍትሔው ግልጽ ነው፤ የተለያየ ውፍረት ያላቸውን ስላይዶች በአንድ ዙር አይቀላቅሉ። የካርቶኖቹን ለብቻ፣ ቀጭን ፕላስቲኮቹን ለብቻ፣ ወፍራሞቹን ለብቻ ይመድቡ። መጋቢው የውፍረት ማስተካከያ ካለው ምድብ በቀየሩ ቁጥር እንደገና ያስተካክሉት። ባለ መስታወት ፍሬሞችን ፈጽሞ በመጋቢ አይስደዱ፤ ውፍረታቸው ብቻ ሳይሆን ፊልሙ መስታወቱን በነካበት ቦታ ላይ የሚፈጠረው የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ክብ ክብ መስመር ምስሉን ያበላሸዋል። እነዚህን ወይ አንድ በአንድ ስካን ያድርጓቸው፣ ወይ ፊልሙን በጥንቃቄ አውጥተው ወደ ቀጭን ፕላስቲክ ፍሬም ያዛውሩት።

ቀጥሎ እያንዳንዱን የካርቶን ፍሬም በጣትዎ ይፈትሹት። የአውራ ጣትዎን ጥፍር በአራቱም ጠርዞች ላይ ቀስ አድርገው ቢያንሸራትቱ ሊሰነጠቅ የጀመረ ጥግ ወዲያውኑ ይታወቅዎታል፤ ካርቶኑ በሁለት ገጽ ተከፍሎ ጫፉ እንደ ቆየ መጽሐፍ ሽፋን ላላ ብሎ ይገኛል። ያ የላላ ጫፍ ቀጣዩን ስላይድ እንደ መንጠቆ ስቦ ይይዘዋል። ጥቂት የሙጫ ጠብታ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ቀብተው በሁለት ጣት ጫን አድርገው ይያዙት፤ ሙጫው ወደ ፊልሙ እንዳይደርስ ግን ይጠንቀቁ። የጎበጠውን ፍሬም ደግሞ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ቢገፉት ሲወዛወዝ ያዩታል። እንዲህ ያለውን ለብቻ ያስቀምጡ፤ በኋላ በእጅ ይገባል። ስያሜ የተጻፈባቸው ተለጣፊ ወረቀቶች ያሉባቸው ፍሬሞችም ውፍረታቸው በአንድ በኩል ስለሚጨምር፣ ወረቀቱ ጠርዙ የተነሣ ከሆነ መላጥ ወይም በደንብ መለጠፍ አለበት፤ ሲልጡት ጽሑፉን በሌላ ቦታ መገልበጥዎን አይርሱ።

የስላይዱ ሁለት ገጽታዎች ይለያያሉ። ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው ሲያዩት አንደኛው ገጽ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ ሌላኛው፣ ማለትም ኢመልሽኑ (ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን) ያለበት፣ ደብዘዝ ብሎ የምስሉ ቅርጽ እንደ ስስ ቅርጻ ቅርጽ በላዩ ይታያል። ሁሉም ስላይዶች በአንድ አቅጣጫ መዞር አለባቸው። ይህ ካልሆነ በምስሉ ውስጥ ያሉ ጽሑፎች በመስታወት እንደታዩ ሆነው ይገለበጣሉ፣ ፎከሱም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛባል። በቁመት የተነሡትንም ቢሆን እንደ ሌሎቹ በወርዳቸው አጋድመው ያስገቡ፤ የብዙ ስካነሮች የንባብ ስፋት ረጅምና አጭር ጎን ስላለው፣ አቁመው ካስገቡ የምስሉ ጫፎች ይቆረጣሉ። ወደ ቀጥታው መመለስ በኋላ በኮምፒውተር የአንድ ቁልፍ ሥራ ነው።

አቧራውን በእጅ በሚጨመቅ የአየር መንፊያ ያራግፉ፣ ካልለቀቀ ለስላሳ ብሩሽ ይጠቀሙ። በአፍዎ አይንፉ፤ የምራቅ ነጠብጣብ ከአቧራው የባሰ ጠባሳ ይተዋል። ሻጋታ ያለበት ስላይድ ካገኙ ደግሞ ከሌሎቹ ለይተው ያርቁት እንጂ ከእነርሱ ጋር አይደርድሩት።

4. መጋቢውን ይፈትሹ

የካርቶን ፍሬሞች ሲገፉ ደቃቅ የወረቀት ብናኝ ይተዋሉ፤ ይህ ብናኝ በመግፊያው መንገድ ላይ ሲጠራቀም የስላይዱን እንቅስቃሴ ያዘገያል። ከየጥቂት ዙር በኋላ መጋቢውን ከስካነሩ ነቅለው መንገዱን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ። ዘይት ወይም ቅባት አይጨምሩ፤ ቅባቱ ወደ ፊልሙ ይሄዳል፣ አቧራም ይሰበስባል። ከኋላ ስላይዶቹን የሚገፋው ክፍል በነፃነት መንቀሳቀሱን በእጅዎ ያረጋግጡ። መጋቢው እስከ 50 ስላይድ የሚይዝ ቢሆንም፣ አስቸጋሪ ካርቶኖችን 20 ወይም 25 ብቻ አድርጎ መደርደር ጫናውን ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜ ያለ ሌላ ጥገና ችግሩን የሚፈታው ይህ ብቻ ነው።

5. የሶፍትዌሩን ቅንብር በቅደም ተከተል ያስተካክሉ

ወደ ሶፍትዌሩ የሚመጡት አሁን ነው። አንድ ቅንብር ብቻ እየለወጡ ይሞክሩ፤ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ከለወጡ ችግሩ ቢፈታ እንኳ የትኛው እንደፈታው አያውቁም።

በመጀመሪያ ሶፍትዌሩ መጋቢው መኖሩን ማወቁን ይዩ። ስካነሩ በርቶ ሳለ መጋቢውን የሰኩ ከሆነ ላይታወቅ ይችላል፤ ሁሉንም አጥፍተው መጋቢውን ይሰኩ፣ ስካነሩን ያብሩ፣ መነሻ እንቅስቃሴውን እስኪጨርስ ይጠብቁ፣ በመጨረሻም ሶፍትዌሩን ይክፈቱ። የአምራቹ ሶፍትዌርና ሌላ የስካን ሶፍትዌር በአንድ ጊዜ ክፍት መሆን የለባቸውም፤ አንደኛው ስካነሩን ሲይዘው ሌላው «ስካነር አልተገኘም» ይላል።

ሁለተኛው፣ ተከታታይ ስካን መብራቱና ስላይዱ ከስካን በኋላ እንዲወጣ መታዘዙ ነው። በቪውስካን እነዚህ «ባች ስካን» እና «አውቶ ኢጀክት» በሚሉ ስሞች በግቤት ገጹ ላይ ይገኛሉ። የመጀመሪያው በርቶ ሁለተኛው ከጠፋ፣ ማሽኑ አንዱን ስላይድ አንብቦ ሊቆም ወይም ያንኑ ስላይድ ደጋግሞ ሊያነብ ይችላል። 30 ፋይል ተጽፎ ሁሉም አንድ ምስል ከሆኑ መጀመሪያ የሚያዩት ይህንን ይሁን።

ሦስተኛው የፋይል ስም ነው። ስሙ በራሱ ቁጥር የማይጨምር ከሆነ እያንዳንዱ ስላይድ በቀደመው ላይ ይጻፋል፤ 50 ስላይድ ያልፋል፣ የሚቀረው ግን አንድ ፋይል ይሆናል። በቪውስካን በስሙ ውስጥ የመደመር ምልክት ሲገባ ቁጥሩ ከፋይል ወደ ፋይል ይጨምራል። ከስሙ ፊት የሣጥኑን ቁጥር ማስገባትም ጥሩ ነው፤ ለምሳሌ «ሣጥን07-0001» ብሎ መጀመር ከሌላ ሣጥን ጋር እንዳይደባለቅ ያደርጋል።

አራተኛው የምስሉ ቁረጣ ነው፤ ብዙ ቅሬታ የሚሰማውም በእርሱ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ የምስሉን ጠርዝ በራሱ እንዲያገኝ ከታዘዘ የሚፈልገው በጥቁሩ ፍሬምና በብሩሁ ምስል መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በሌሊት የተነሣ ምስል፣ ሻማ ብቻ የበራበት ክፍል ወይም ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ከጨለማ ጀርባ ጋር ሲመጣ ይህ ልዩነት ስለሚጠፋ ቁረጣው ወደ መሃል ይገባና ግማሽ ምስል ያስቀራል። መፍትሔው ለዙሩ ሁሉ አንድ ቋሚ መጠን መስጠት ነው፤ ከምስሉ ጥቂት ሰፋ አድርገው፣ የፍሬሙ ጥቁር ጠርዝ ትንሽ እንዲታይ ያድርጉ። የተረፈውን ጠርዝ በኋላ ማንሣት ይቻላል፤ የተቆረጠውን ግን የሚመልሰው ሌላ ስካን ብቻ ነው።

ብርሃንንም በተመለከተ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ስላይድ ለየብቻው ለክቶ እንዲያበራ ከተተወ፣ ሆን ተብሎ ጠቆር ብሎ የተነሣ የማታ ትዕይንት እንደ ቀን ሊነጣ ይችላል። በአንድ ጥቅል ፊልም ለተነሡ ስላይዶች ጥሩ ብርሃን ባለው አንድ ስላይድ ላይ ለክተው መጠኑን መቆለፍ ይሻላል። የተለያየ ዘመን ፊልም ሲቀላቀል ግን መቆለፉ አይመከርም፤ እንዲያ ከሆነ በራሱ ይለካ።

ፎከስ በእያንዳንዱ ስላይድ ላይ መደረግ አለበት፤ ምክንያቱም ፊልሙ በፍሬሙ ውስጥ ጠፍጣፋ ሆኖ አይቀመጥም፣ መሃሉ ያብጣል፣ ያበጠበት መጠንም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ሶፍትዌሩ የፎከስ ነጥብ ማስመረጥ የሚችል ከሆነ ነጥቡን ከትክክለኛው መሃል አንሥተው በመሃልና በጠርዝ መካከል ያስቀምጡት፤ ይህ ሁለቱንም ወገን ያስታርቃል። ፎከሱ ደጋግሞ ወድቆ ሥራው የሚቆም ከሆነ ስላይዱን አውጥተው ይዩት፤ ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ ወይም ባዶ ሰማይ ብቻ ያለበት ስላይድ ማሽኑ የሚይዘው ዝርዝር ስለሌለው ፎከስ ማግኘት ያቅተዋል። በስላይድ ሣጥኖች መጀመሪያና መጨረሻ ላይ እንዲህ ያሉ ጥቁር ስላይዶች ብዙ ጊዜ ስለሚገኙ ከዙሩ አስቀድመው ማውጣት ይገባል።

የመጨረሻው አቧራንና ጭረትን በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚያጠፋው ማጣሪያ ነው፤ ዲጂታል አይስ በሚለው ስም ይበልጥ ይታወቃል። አሠራሩ ቀለሞች ኢንፍራሬድን ሲያሳልፉ አቧራ ግን ስለሚከለክለው በዚያ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነው። የጥቁርና ነጭ ፊልም ምስል የተሠራው ከብር በመሆኑና ብርም ኢንፍራሬድን ስለሚያግድ፣ ማጣሪያው ምስሉን ራሱን እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል። ኮዳክ ከ1935 እስከ 2009 ያመረተው ኮዳክሮም የተባለው የቀለም ስላይድም ከሌሎቹ የተለየ ስለሆነ በማጣሪያው ጥቋቁር ቦታዎቹና ስል ጠርዞቹ ሊበላሹ ይችላሉ። ኮዳክሮምን ከሌሎቹ ስላይዶች መለየት ቀላል ነው፤ ስሙ ብዙውን ጊዜ በፍሬሙ ላይ ታትሟል፣ የኢመልሽኑ ቅርጽም ከሌሎቹ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። እነዚህን ለብቻቸው ዙር አበጅተው ማጣሪያውን አጥፍተው ወይም ወደ ዝቅተኛው አውርደው ይሥሩ።

6. ኬብሉንና ኮምፒውተሩን ይመልከቱ

ሥራው ሁልጊዜ በተለያየ ስላይድ ላይ ነገር ግን በተመሳሳይ ሰዓት ገደማ የሚቆም ከሆነ፣ ለምሳሌ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ስላይዱን ተጠያቂ አያድርጉ፤ ኮምፒውተሩ እየተኛ ነው። የእንቅልፍ ቅንብሩን፣ በዊንዶውስም የዩኤስቢ ኃይል ቆጣቢውን ያጥፉ። ስካነሩን በዩኤስቢ ሃብ ሳይሆን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙ፣ አጭርና ጤነኛ ኬብልም ይጠቀሙ።

ቦታውን አስቀድመው ያስሉ። በኢንች 4000 ነጥብ የሚነበብ ሙሉ ስላይድ በግምት 5670 በ3780 ፒክስል ይሆናል። ይህ በ16 ቢት ቀለም ቲፍ በተባለው የምስል ፋይል ዓይነት ሲቀመጥ ለአንዱ ወደ 129 ሜጋባይት፣ ለ50ው ወደ 6.4 ጊጋባይት ይደርሳል፤ የኢንፍራሬዱ ንባብ አብሮ ከተቀመጠ ደግሞ አንዱ 171 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በቀን አራት ዙር የሚሠራ ሰው ዲስኩን በፍጥነት ይሞላዋል። ፋይሎቹን ከኢንተርኔት ጋር በራሱ በሚመሳሰል ፎልደር ውስጥ በቀጥታ አይጻፉ፤ ፋይሉ ገና እየተጻፈ ሳለ ሌላው ፕሮግራም ሊይዘውና ሥራውን ሊያቋርጠው ይችላል። በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ጽፈው ዙሩ ሲያልቅ ይቅዱት።

7. በጥቂት ይሞክሩ፣ ከዚያ ይጨምሩ

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ በ5 ስላይዶች ይጀምሩ፤ ከእነርሱ ውስጥ አንድ ጨለም ያለ፣ አንድ ብሩህና አንድ በቁመት የተነሣ ይኑር። እነዚህን ሲያልፍ ከጎኑ ተቀምጠው ይመልከቱ፤ ከዚያ ወደ 20፣ ቀጥሎም ወደ 50 ያሳድጉ። በ5 ሠርቶ በ50 የሚቆም ከሆነ ችግሩ የጫና ወይም የጊዜ ነው፤ ወደ 4ኛው ወይም ወደ 6ኛው ክፍል ይመለሱ። በ5ም ካልሠራ ቅንብሩን ወይም ስላይዶቹን ይመርምሩ።

8. ስላይዱን ከሣጥኑ ከመመለስዎ በፊት ይቁጠሩ

ይህን የማስቀምጠው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ቀጫጭን ካርቶኖች ተያይዘው እንደ አንድ አለፉ፤ ማሽኑም ሳይቆም እስከ መጨረሻው ሄደ። እኔም ስላይዶቹን ወደ ሣጥናቸው መልሼ በየፍሬሙ ላይ የነበረውን ጽሑፍ ከዝርዝር እየገለበጥኩ በየፋይሉ ሰጠሁ። ከተያያዙት በኋላ ያሉት ሁሉ በአንድ ቁጥር ተንሸራተው ነበርና የአንዱ ሰው ስም በሌላው ፊት ላይ ተጻፈ፤ እስክደርስበትም ሦስት ሣጥን አልፏል። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ሦስት ነገር አደርጋለሁ። የገቡትን ስላይዶችና የተጻፉትን ፋይሎች እቆጥራለሁ፤ ቁጥሩ እኩል ቢሆንም የመጀመሪያውን፣ የመካከለኛውንና የመጨረሻውን ስላይድ በእጄ ይዤ ከፋይሎቻቸው ጋር አስተያያለሁ፤ ቁጥሩ ካልተስማማ ደግሞ ከመጨረሻው ወደ ኋላ እየሄድኩ የተንሸራተተበትን ቦታ እፈልጋለሁ።

ስላይዶቹ በመውጫው በኩል የሚደረደሩበት ቅደም ተከተል ከገቡበት ጋር አንድ ላይሆን ስለሚችል፣ በመጀመሪያው የ5 ስላይድ ሙከራ ላይ ይህን አይተው ይመዝግቡት። በእጅ እንዲገቡ የተለዩት የጎበጡ፣ ወፍራምና ባለ መስታወት ስላይዶች ከየትኛው ሣጥን፣ ከስንተኛ ቦታ እንደወጡ በትንሽ ወረቀት ጽፈው ባዶ ቦታቸው ላይ ይተዉ፤ ተራቸው ሲደርስም ፋይላቸውን በዚያው ቁጥር ይሰይሙት።